ዲስኩ ያንኳኳ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ድሮም አላምንም፣ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ፣ ሰው ጥላ አየሁ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «ራት ሳትበላ ተኝተህ ነው» ብዬ ነው የማልፈው፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም እህቴ የሞተችው አክስታችን በሕልሟ መጥታ ነጠላዬን መልሺልኝ አለችኝ ብትለኝ «ታዲያ መልሺላታ!» ብዬ ስቄባት ስንት ጊዜ አኩርፋኛለች። ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ አሮጊቷ ጃጀች እንዳትሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ከልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነው፣ ነገር ማሳመር አልችልበትም፣ የሰማሁትን ግን እንደሰማሁት ነው የማስቀምጠው።

ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ልጄ ሂሩት የመንገድ ዳሩን ክፍል የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አድርጋዋለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የተማሪ ወረቀት ታትማለች፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የሟቹን ፎቶ አሳድጋና አጽድታ ለአርባው ታደርሳለች፣ ይሄን ሥራዋን እኔ ከሁሉም እወድላታለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎች ፊታቸውን አጥቁረው ይመጡና ፎቶውን ሲያዩ እያለቀሱም ቢሆን ፈታ ብለው ይሄዳሉ።

ጋሽ ቶሎሳ የሰፈራችን ዘበኛ ነበር። ከሱሉልታ በኩል በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ የሸመገለ ሰው ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየዞረ የመብራቱን የብረት ምሰሶ በዱላው ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ቋ… ቋ፣ በሁለቱ መሐል አንድ ረዘም ያለ ትንፋሽ የሚያህል ያቆያል፣ ለምን እንደሚያቆይ እንጃ፣ ብቻ ያን ድምፅ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም፣ እኔ ራሴ ቅዠት ቀስቅሶኝ ያን ስሰማ ዞር ብዬ እተኛለሁ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል እዚያው ሥራው ላይ ወደቀ፣ ተሸክመውት ሲሮጡ ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ። ነፍሱን ይማርና ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር፣ «እኔን ማየት የፈለገ ሌሊት ይውጣ» እያለ ይቀልዳል፣ ስለዚህ ሲሞት የተገኘው መታወቂያው ላይ ያለችው ፎቶ ብቻ ሆነች። ባለቤቱ ጫልቱ መታወቂያውን ይዛ መጣች፣ ሂሩት ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባችውና መለሰችላት፣ ጫልቱም በማግሥቱ የሞት ወረቀቱን ስታወጣ መታወቂያውን አስረክባ መጣች፣ እንዲያ ነው አሉ ደንቡ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ከዚያ ወዲያ የዚያ ሰውዬ ፊት በዓለም ላይ ያለው ሂሩት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

አርባው ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ለት ሂሩት፣ እንግዲህ ምን እንደነካት አላውቅም፣ በቅርቡ ያስገባችውን አዲሱን ዲስክ ይበልጥ ላፍጥነው አለችና አንድ ሰውዬ ስልኳ ላይ ያሳየውን አየች፣ ኮምፒውተሩ ከመንቃቱ በፊት በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ገብታችሁ ይቺን አንዲት ነገር ቀይሩ፣ እንደ ወፍ ይበራል፣ አላት። ቀየረች። በቃ፣ አልተነሣም። ሲነሣ መስኮቱ ላይ የሚዞረው ያ ክብ ነገር ሁለቴ ሦስቴ ይሽከረከርና ድርግም፣ እንደገና ይበራና ድርግም። ወደነበረበት እመልሳለሁ ብላ ደግሞ ያንን ስትነካ ይሄንን ስትነካ የቱን እንደቀየረችው ጠፋባት።

«እማዬ፣ እንቢ አለ» አለችኝ።

«እስኪ ትንሽ ይረፍ።»

«ሰው አይደለም እኮ የሚያርፈው!»

«አንቺስ ሰው አይደለሽ? አንቺ ዕረፊ።»

ተቀምጣ አለቀሰች። የጋሽ ቶሎሳን ፎቶ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም አለችኝ። እመኑኝ፣ እናት ልጇ ስታለቅስ ታውቃለች፣ ይሄ ዕቃ ተበላሸብኝ የሚባል ልቅሶ አልነበረም፣ ሰውን ሁለተኛ የቀበረች ነው የመሰላት።

አቶ ታዬ የመጣው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጳውሎስ አካባቢ ሱቅ አለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ አሁን ኮምፒውተር የሚጠግን ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነው።

«ማነው ይሄን ንኪ ያለሽ?» አላት።

«ስልክ ላይ አንድ ሰውዬ…»

«እና ሰውዬው መጥቶ ያስነሣዋ!»

ከዚያ ግን አዘነላትና ለስለስ አለ። ኮምፒውተሩን «ዲስኩን በአዲስ ቋንቋ አናግረው» ብለሽ አዘዝሽው፣ እሱ ደግሞ ቋንቋውን ገና አልተማረም፣ ቀለል ባለው አነሣስ አስነሥተን እናስተምረዋለን፣ መጀመሪያ ግን ዲስኩን አውጥቼ ፎቶው መኖሩን በራሴ ላፕቶፕ ልይ፣ ሳላይ አልነካካም፣ አለ። ከግድግዳው ነቀለው፣ ፈታው፣ አራቱን ትንንሽ ብሎኖች በጠርሙስ ክዳን አስቀመጠና ዲስኩን አወጣ። የኪስ ውዳሴ ማርያም የምታህል ጥቁር ነገር ናት።

«ይቺ ናት ሁሉን የምትይዘው?» አልኩት።

«ይቺው ናት እማማ። የድሮው ውስጡ የሚዞር ሰሃን ነበረው፣ ያጉረመርማል፣ ሲታመም ያንኳኳል። ይቺ ግን ውስጧ የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም። ጆሮዎን ቢደቅኑባት ምንም አይሰሙም።»

እኔ ምስኪን ደግሞ ጆሮዬን ደቀንኩባት፣ ምንም የለም፣ ሳቀብኝ። ዲስኩን የሚያገናኝበትን ገመድ ሱቅ ረስቶት ኖሮ፣ በታክሲ ደርሼ ልምጣ ብሎ ሄደ። እኔና ሂሩት ቀረን፣ ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ፎጣ ላይ ተቀምጧል፣ ገመድ የለው፣ መብራት የለው፣ ምን የለው።

ዕለቱ ፀጥ ያለ ነበር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ እንኳን አልነበረም። እኔ የሂሩትን ወረቀቶች እየደረደርኩላት ነው፣ ወረቀት መደርደር እወዳለሁ፣ ጠርዙ እኩል ሲሆን ደስ ይለኛል፣ እና ጠቅ የሚል ሰማሁ። ቆየት አለና ደግሞ ጠቅ።

«ደግሞ ምን ነካሽ አንቺ?»

«ምንም አልነካሁም እማዬ።»

ቆርቆሮው ይሆናል አልኩ፣ ፀሐይ ሲለቀው ቆርቆሮ ጠቅ ጠቅ ይላል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠቅ… ጠቅ። ይሄኔ ያየሁት ክዳኑ ውስጥ ያሉትን ብሎኖች ነው፣ በእያንዳንዱ ጠቅታ እንደ ሽምብራ ንጥር አሉ። ሂሩት መዳፏን ዲስኩ ላይ አኖረች፣ አነሣችው። ቀዝቃዛ ነው አለችኝ፣ ድምጿ ግን ልክ አልነበረም። እኔ ደግሞ ያቺን በመሐል ያለችውን ትንፋሽ አውቄያታለሁ፣ አውቄያታለሁና ለራሴም አላወቅሁም አልኩት።

ጫልቱ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ።

«እንዴት ዋላችሁ እትዬ? ሂሩቴ፣ የነገው ደረሰልኝ?»

ሂሩት መዋሸት አትችልም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቷ ነው የሚያሳብቅባት። ሁሉንም ነገረቻት፣ እኔ ባልነካካው ኖሮ አለች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ ጫልቱ፣ ላይገኝ ይችላል አለች። ጫልቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መልኩ አሁን አሁን እየጠፋኝ ነው» አለች፣ ለማንም አይደለም የምትናገረው፣ «እጁ ይመጣልኛል፣ ኮቱ ይመጣልኛል፣ ፊቱ ግን… ሌሊት ሠርቶ ቀን ተሸፍኖ የሚተኛ ሰው ነው እኮ፣ መቼ ጠግቤ አየሁት?»

ጠቅ… ጠቅ።

ጫልቱ ቀና አለች። አልደነገጠችም፣ ይሄ ነው እስካሁን የሚገርመኝ። እጇን ዘረጋችና በጣቷ ቀለበት ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታች።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«መለስኩለት።»

«ለማን?»

«ማታ ማታ እኛ በር ላይ ሲደርስ ሁለት ሲመታ፣ እኔ ከውስጥ የበሩን ቆርቆሮ አንዴ እመታለታለሁ። ደህና ነኝ ማለቴ ነው። ሁልጊዜ እኮ ነው እትዬ፣ ሰምተሽ አታውቂም?»

«እኔ ድመት ይመስለኝ ነበር» አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ ስንት ዓመት በግድግዳ ተዋስነን ስንኖር ያን ድመት ስረግም ኖሬያለሁ። ሂሩት እንኳን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ፈገግ አለች።

ከዚያ ሦስት መታ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ያለ ትንፋሽ። ብሎኖቹ ከክዳኑ ዘለው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሱ።

ጫልቱ ተነሣች። ነጠላዋን መሬት ጣለችው፣ አላነሣችውም።

«ሦስት ምንድነው ጫልቱዬ?» አልኳት እጇን ይዤ።

«መጣሁ፣ ክፈቺልኝ ነው። ሊነጋ ሲል ከመጨረሻው ምሰሶ ላይ ነው የሚመታው። ያን ቀን ሁለቱን ሰማሁ፣ መለስኩለት። ከዚያ ሦስቱን ስጠብቅ፣ ውኃ ጥጄለት ስጠብቅ፣ የሰው ጩኸት ሰማሁ። ሦስቱን አልመታም እትዬ። እኔም አልከፈትኩለትም።»

በሩ ሲንጓጓ ሂሩት «በስመ አብ!» ብላ ከወንበሯ ዘለለች፣ አቶ ታዬ ነው ለካ፣ ገመዱን ይዞ እያለከለከ። «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ፣ ከዚያ ጥቁር የለበሰችውን ጫልቱን ሲያይ አፉን ያዘ። ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ፣ ጥቂት ጠበቅን፣ ሂሩት በጣቷ «እሱ! እሱን ክፈተው!» አለች፣ ከፈተው።

ጋሽ ቶሎሳ ነው። የኮሌታው አዝራር እስከ ላይ ተቆልፎ፣ ዓይኑን ፍጥጥ አድርጎ፣ ፎቶ አንሺውን ሊይዘው የቆመ ይመስላል። ሂሩት እኔ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጫልቱ ጎንበስ ብላ አየችው፣ በአንድ ጣቷ ቅንድቡን ነካችው፣ «አዎ፣ እንዲህ ነበር» አለች፣ ግን ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

አቶ ታዬ ፎቶውን ለብቻው አስቀመጠው፣ ዲስኩን መለሰና ኮምፒውተሩን እንዳለው ቀለል ባለው መንገድ አስነሣው፣ ያ ክብ ነገር ዞሮ ዞሮ አንዳች ሳይል ተነሣ። ሂሩት ዲስኩ ድምፅ ያሰማል እንዴ ብላ ብትጠይቀው ሳቀ፣ የጠረጴዛው እንጨት ይሆናል፣ ዝናብ መቶት ሲደርቅ ይንቋቋል አላት። ይሆናል። ጫልቱ ግን መታተሙን እንኳን መጠበቅ አቃታት።

«በሩን ቆልፌው ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ እንደ ሕፃን ክንዴን ይዛ፣ «ቆልፌው ነው የመጣሁት እትዬ።»

ፎቶው እንደወጣ በፖስታ አድርጌ ያዝኩና ነጠላዋን አልብሼያት አብሬያት ወጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ገና ብርሃን አለ፣ ሰው ከሥራ እየገባ ነው፣ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቁልፉን ከፈተች፣ የቆርቆሮውን በር እስከ መጨረሻው ገፋችው። ከበሩ እስከ ቤቷ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል የኛ ግድግዳ፣ በአንድ በኩል የሷ። ገባን፣ እሷ ከፊት ሆና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፣ እኔ ከኋላዋ ፖስታውን አቅፌ ቆምኩ። ቆየን። በኦሮምኛ ለስለስ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ለኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገችና ሰው እንደሚያሳልፍ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።

እኔም ጠጋ አልኩ። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። ማንም አላለኝም፣ ምንም አላየሁም፣ ልብ በሉ፣ አንዳች ነገር አየሁ አልላችሁም። ጫልቱ በሩን ዘጋች፣ መወርወሪያውን ወረወረች፣ ረጅም አድርጋ ተነፈሰችና «አሁን ፎቶውን አምጪው» አለችኝ፣ አርባ ቀን ሙሉ ፊቷን እንደዚያ ፈታ ብሎ አላየሁትም።

አርባው በደንብ አለፈ፣ ፎቶው ግድግዳዋ ላይ አለ፣ የሂሩትም ኮምፒውተር ደህና ነው። ሂሩት አንዳንዴ «እማዬ፣ እንጨቱ ነው አይደል?» ትለኛለች፣ እንጨቱ ነው እላታለሁ፣ እንድትተኛልኝ። ድምፁንስ እንጨት ነው ልበል። ግን አንድ ያልነገርኳት ነገር አለ፣ ለናንተ ነው የምነግረው። ያኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ሳለሁ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማለት ነው፣ አፌ ከኔ ሳይማከር «እንደምን አደሩ ጋሽ ቶሎሳ» አለ። መልስ አልሰማሁም። ግን እንደ ወጉ፣ መልሱን ለመስማት የሚበቃ ያህል ዝም ብዬ ጠብቄ ነበር።