ባዶው ምሰሶ

አጽሙ የተገኘው አሮጌው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ጫፍ ላይ ጠጠር ሲዛቅ ነው። ራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። የተጠቀለለው በቀይና ነጭ ጨርቅ ነበር፤ ምሰሶ ላይ እየተውለበለበ ለአብራሪዎች የነፋሱን አቅጣጫ በሚያሳየው ጨርቅ።

አንገቱ ላይ ያለው የብረት መለያ ቁጥር የአንድ የአውሮፕላን መካኒክ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ "ሆን ብሎ ቀርቶ ለጠላት ገባ" የተባለው መካኒክ። አይ ሰው! ሚስቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከሃዲ ሚስት እየተባሉ ኖረዋል።

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ቤታቸው ሲደርስ ባልቴቷ አንድ ሽማግሌን ሾርባ እያጠጡ ነበር። ሽማግሌው የባላቸው የልብ ጓደኛና የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ልጃቸውንም ያሳደጉላቸው እሳቸው ናቸው። አሁን ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም።

"ባሌን ማን ገደለብኝ፣ ልጄ? ሳልሞት እሱን ብቻ ልወቅ" አሉ ባልቴቷ።

"ጠላት ነዋ!" አሉ ሽማግሌው። "በማግስቱ ማረፊያውን ያዙት አይደል?"

"እርስዎ መጨረሻ ያዩት የት ነው?" አለ መርማሪው።

"ስንት ጊዜ ልናገር? ስናፈገፍግ የመጨረሻው አውሮፕላን ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ለሱ ተሰጠው። 'አልሄድም፣ አንተ ሂድ' አለኝ። ስንነሳ ያ ጨርቅ ይውለበለባል፤ እሱ ከሥሩ ቆሞ እጁን ያወዛውዝልኛል።"

መርማሪው በረንዳ ወጥቶ ያንን የመጨረሻ አውሮፕላን ላበረሩት ጡረተኛ ደወለ።

"የምን ጨርቅ?" አሉ አብራሪው። "ስደርስ ምሰሶው ባዶ ነበር እኮ! በግምት ነው ያረፍኩት፤ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ማን ነካው ብዬ እየተሳደብኩ ተነሳሁ።"

መርማሪው ተመልሶ ገባ።

"አባባ፣ አውሮፕላኑ ሳይደርስ ጨርቁ ወርዷል። ሬሳው ላይ ነው ያገኘነው።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"በመፍቻ ነው የመታሁት። ሚስቱ እርጉዝ ናት ብለው ቦታውን ለሱ ሰጡት። እኔስ ሰው አይደለሁም? ፈራሁ! ሞት ፈራሁ።"

"ጨርቁስ?"

"አፈሩ ፊቱ ላይ ሲወድቅ ማየት አቃተኝ።"

ከዚህ በኋላ ይህን ሰው አንቱ ማለት ታሪኩን የምነግራችሁን እኔንም ይከብደኛል።

"ከሃዲ ሲሉት ዝም አልክ" አሉ ባልቴቷ። "ልጁን አቅፈህ ዝም አልክ!"

መርማሪው አንገቱን ደፋ። "እናቴ፣ ጉዳዩ ብዙ ዓመት ስላለፈው በይርጋ ታግዷል። ላስረው አልችልም።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርገው?"

መርማሪው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ባልቴቷ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ሰውየው ውሃ ጠየቀ። አልሰሙም። ደግሞ ጠየቀ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ተነሱ። ውሃ ቀድተው ቀና አደረጉትና ብርጭቆውን አፉ ላይ ያዙለት።