የቀንጠፋ ትርጉም

ሳቢራ ውጭ አገር ተምራ ወደ ቢቸና በተመለሰች ሰሞን አክስቷን ልትጠይቅ ሞጣ ሄደች። ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ቀሚሷን እሾህ ያዘው። ብትስበው ባሰበት።

«አትጎትቺው፤ ወደ ኋላ በይ» አላት ከኋላዋ የመጣ ወጣት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እሾሁ ለቀቃት።

«ስሙ ማን ነው?»

«የኔ ነው የእሾሁ?»

ሳቀች። «የእሾሁ።»

«ቀንጠፋ። እኔ ሙስዐብ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ።»

«ቀንጠፋ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ወላሂ አላውቅም። እኛ የሚይዘንን እሾህ ሁሉ ቀንጠፋ ነው የምንለው።»

ቀሚሱን እንዲሰፋላት ሰጠችው። ልትወስድ በተመላለሰች ቁጥር «አላለቀም» ይላታል።

«ይሄ ቀሚስ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ስትሄጂ እተረትረዋለሁ» አላት፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

መኸር ሲገባ ሙስዐብ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አብዱራዛቅ እንደ ወጉ፣ «ዘመድ እናማክር፤ ተመለሱ» አሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ሽማግሌም ይህን አውቆ ይመላለሳል።

ሳቢራ ግን ከጓዳ ወጣች። ሞጣ መኖር እችል ይሆን? ነገ ደግሞ ልቤ ልሂድ ቢልስ? ልታታልለው አልፈለገችም።

«እኔ ገና እርግጠኛ አይደለሁም» አለቻቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። «ልጄ፣ አባትሽ በሩን ገርበብ አድርጎልን ነበር።»

አልተመለሱም። ከልጅቷ አፍ የወጣ ቃል እምቢታ ነው።

ማታውን ሙስዐብ ደወለ። «አልጎትትሽም፤ ይቀደዳል» አላት።

ዝም አለች። «ግን» እስኪል ትጠብቅ ነበር። እሱ ዝምታዋን መልስ አደረገው።

የቀጣዩ ዓመት ክረምት ሲወጣ ጥርጣሬዋም ለቀቃት። ለማንም ሳትናገር ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ ወረደች። በሙስዐብ ሱቅ ውስጥ፣ የሠርግ ሒናዋ ከእጇ ያልለቀቀ ሴት ጨርቅ ታጥፋለች።

«ባለቤቴ ናት፣ ዘይዳ» አላት ሙስዐብ።

«አላህ ይባርክላችሁ» አለች ሳቢራ።

ሊሸኛት እስከ ደጃፍ ወጣ። «የቀንጠፋን ትርጉም አገኘሽው?»

«አንተ እንዳልከው ነው፤ የሚይዘን ሁሉ» አለችው።

በወንዙ መንገድ ወረደች። እዚያው ቦታ ላይ ቀንጠፋው ነጠላዋን ያዛት። ማድረግ ያለባትን ታውቃለች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ቆመች፤ ጥቂት እንዲይዛት ተወችው።