ቅናሹ ሲቀር

ቡሌላኒን የማረክሁት በአባቴ የፋብሪካ ቦት ጫማ ነው።

ድምፅ ሠሪ ነኝ። በአፍሪካ ደቡብ ዳርቻ ባለችው ኢስት ለንደን፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ድሮ የሱፍ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አለኝ። ፊልም ተቀርጾ ሲያልቅ ድምፁ የሚጸዳው፣ የጎደለው የሚሞላው እዚያ ነው። ያን ማክሰኞ የአንድ ወታደር እርምጃ እየሠራሁ ነበር። የአባቴን ቦት ተጫምቼ ጠጠር በሞላ ሳጥን ውስጥ ስረግጥ በሩ ተከፈተና ረጅም ሰው ፋይል በብብቱ ሸጉጦ ገባ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘሁት።

ዝም አለ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እኔ ግድግዳ ሲያዛጋ የምሰማ ሴት ነኝ፤ ያ ሰው ግን እስትንፋሱን እንኳ አላሰማኝም። ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጫማዬ አወረደ።

«የክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ነው የላከኝ» አለ በሹክሹክታ።

አሁንማ መናገር እንደሚችል ነገርኩት።

የመጣው መኖሬን ሊያጣራ ነበር። የፊልም ድምፅና ቅንብር እኛ ክፍለ ሀገር ለሚያሠራ ሁሉ መንግሥት ከወጪው ከመቶ ሃያ አምስቱን ከግብር ይቀንስለት ነበር። ያን የሰማ ሁሉ ከተማችን ውስጥ ቢሮ ከፈተ። ብዙዎቹ በር ላይ ከተለጠፈ ስምና አቧራ ከጠጣ ማንቆርቆሪያ በቀር ምንም የላቸውም፤ ሥራው ባሕር ማዶ ይሠራል፣ ቅናሹ እዚህ ይበላል። የቡሌላኒ ሥራ በር ማንኳኳት ነበር።

«ስንት በር አንኳኳህ?» አልኩት።

«አሥራ ሰባት። ሰው ያገኘሁበት የእርስዎ አራተኛው ነው።»

መሣሪያዎቼን አይቶ፣ ጽፎ፣ ሊወጣ ሲል ጎሳዬን ጠየቀኝ። ምፒንጋ ነኝ ስለው ፊቱ በራ። እሱ ጆላ ነው። እኛ ዘንድ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፤ ስለዚህ ጥያቄው የመሥሪያ ቤቱ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። እሱም እንደ ገባኝ ገብቶት ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶ ሄደ።

ፋይሉን ሊወስድ ዓርብ መጣ። በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ፊርማ ጎድሎ ነበር። በሦስተኛው የጎደለ ነገር ቢያጣ ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ሰበብ መፈለግ ተወ፤ እኔም ዓርብ ከሰዓት ሥራ መቀበል ተውኩ። በየጎሳችን ስም ነው የምንጠራራው፤ እኔን «ማምፒንጋ» ይለኛል፣ እኔ «ጆላ» እለዋለሁ፤ ዞለካ የሚለው ስሜ በእሱ አፍ የሚወጣው ሲቆጣ ብቻ ነው። ወደድኩት። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብለን ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ደስ ይለን ነበር፤ በሙያዬ ዝምታን ለይቼ አውቃለሁና ያ ዝምታ ባዶ እንዳልነበረ እመሰክራለሁ።

በተዋወቅን በስምንተኛው ወር የእሱ ቤተሰቦች ለአባቴ ደብዳቤ ላኩ። አጎቶቹ በመስከረም ሊመጡ፣ ለጥሎሽ ስለሚሰጠው ከብት ሊነጋገሩ ቀን ተቆረጠ።

ነሐሴ ላይ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ጥናት ደረሰኝ። በከተማው ለምንሠራ ሁሉ አስተያየት ስጡበት ብለው ልከውት ነው። ቅናሹ ለቀረጻው ይቆይ፣ ለድምፅና ለቅንብር ግን ይቁም ይላል፤ ከአሥራ ሰባቱ አሥራ ሦስቱ የስም ብቻ ናቸውና። በሩን ማን እንዳንኳኳ ለእኔ መንገር አያሻም ነበር።

ዓርብ ሲመጣ ወረቀቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩት። ሊነግረኝ ሕጉ እንዳልፈቀደለት፣ ደብዳቤው ለአባቴ የተላከ ሳምንት ለአለቃው ስለ እኛ አሳውቆ ከጥናቱ እንደ ወጣ፣ ይቁም ያሉትም ሌሎች እንደሆኑ ነገረኝ። ቆጠራው ግን የእሱ ነበር።

«ቆጠራው ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው እንዳትነካው።»

«ዞለካ፣ ክፍልሽ ይዘጋል። እንደገና እንዲያዩት ልለምን እችላለሁ።»

«ለእኔ ብለህ አንዲት ቁጥር ብታጎብጥ አላገባህም። ሥራዬ ተዘግቶ አዝኖልኝ የሚቀበለኝ ቤትም አልገባም። አጎቶችህ እስከ ታኅሣሥ ይጠብቁ። እስከዚያ ያለ ቅናሽ መቆም ከቻልኩ ይምጡ። ካልቻልኩ ኬፕ ታውን ሄጄ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ አንተም ሌላ ትፈልጋለህ።»

ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ መለሰ። ሲወጣ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አባቴ ኩራት እራት አይሆንም አለኝ። ቀጥሎ ግን ራሱ ተከዘና ወጉን ጀመረ። ሠላሳ ዓመት መኪና ገጣጥሟል።

«ፋብሪካችንም ያኔ በግብር ቅናሽ ተለምኖ ነው የመጣው» አለ። «ያቆየው የእኛ እጅ ነው። ቅናሽ እንግዳ ይጠራል እንጂ ቤተኛ አያደርግም፣ ልጄ።»

ቅናሹ ቆመ። በዚያው ሰሞን በእኛው ባሕር ዳርቻ ላይ ፊልም ስትቀርጽ የከረመች ካናዳዊት ዳይሬክተር ድምፁን እኔ ዘንድ ልታሠራ የያዘችውን ሐሳብ ለውጣ ወደ አገሯ ወሰደችው። አልተቀየምኳትም፤ እዚያ ይረክሳል። መስከረምና ጥቅምት ያለ ሥራ አለፉ። ዓርብ ሲመጣ ብቻ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ይቀር ነበር።

ኅዳር ላይ ዳይሬክተሯ ፊልሙን ሳይጠናቀቅ ለተቀረጸበት መንደር ሰዎች ልታሳይ መጣች። እኔም ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ቡሌላኒም መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ከፊቴ ሁለት ረድፍ አልፎ ተቀምጧል።

መኻል ላይ የመንደሩ ሴት ማማ ኖፊኒሽ በፊልሙ ውስጥ ልጇን የምትረግምበት ቦታ ደረሰ። ቋንቋችን በምላስ የሚመታ ድምፅ አለው፤ አንዱ ቡሽ ከጠርሙስ እንደሚነቀል ነው፣ ሌላው ምላስ ከጥርስ ሲላቀቅ የሚሰማ ነው። በሸራው ላይ የማማ ኖፊኒሽ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ እሳት ይተፋል፣ ንግግሯ ግን አይጥ እንደ በላው ጨርቅ ተበሳስቷል። ባሕር ማዶ ያሉት ድምፁን በኮምፒውተር ሲያጸዱ የምላሳችንን ምት ቋቋታ መስሏቸው ጠርገው ጥለውታል።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «ጥርሷን ማን አወለቀው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማማ ኖፊኒሽ ግን አልሳቀችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አንገቷን ደፋች።

ቡሌላኒ ዞሮ አየኝ። ስሜን ቢጠራ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቢቀስር ይችል ነበር። አላደረገውም። ዓይኑ ብቻ፣ ያንቺ ነው፣ አለኝ።

ተነሣሁ። ለዳይሬክተሯ ድምፁ ላይ የተፈጸመውን ስሕተት በተሰበሰበው ሰው ፊት አስረዳኋት። እንግሊዝኛዬ ሲያልቅብኝ ምላሴን እያላተምኩ የጎደለውን አሰማኋት። ሴትዮዋ ቀላች። ከአዳራሹ ውጭ ተከትላኝ ወጥታ ሊያስተካክል የሚችል ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። አለሁ አልኳት። ቅናሹ መቆሙን፣ የእኔ ዋጋ ከአገሯ እንደሚበልጥ ታውቃለች።

«ትንሽ አትቀንሺልኝም?» አለች።

«አልቀንስም። በፊልሙ መጨረሻም የእኔ ስምና የከተማዬ ስም ይጻፋል።»

ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

ስድስት ሳምንት ሠራሁ። ከቀረጻው ቦታ የተያዘውን ጥሬ ድምፅ እያደንኩ እያንዳንዷን ምት በጆሮዬ መዝኜ ቦታዋ መለስኩ። ነፋስ ያበላሸውን ማማ ኖፊኒሽ ራሷ ክፍሌ ድረስ መጥታ ደገመችው። የመጨረሻውን ስታደምጥ፣ «አሁን ልጄ ይፈራኛል» ብላ ሳቀች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሥራው ሳያልቅ ሌላ አዘጋጅ ከናይሮቢ ደወለ፤ ስለ ቅናሽ ቃል አልተነፈሰም።

በመጨረሻው ዓርብ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። በሩን ከመክፈቱ በፊት አወቅሁት። ቡሌላኒ ያየውን፣ ስለ እኛም ሳይደብቅ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሊጽፍ እንደሆነ፣ ካልፈቀድኩ ግን እንደማይጽፍ ነገረኝ።

«ምን ብለህ?»

«ቅናሹ የመጀመሪያውን ፊልም ያመጣል፣ ሁለተኛውን የሚያመጣው ሰው ነው። በሩ ሲንኳኳ ሰው ለተገኘበት ቤት ቅናሹ ይመለስ ብዬ።»

«እውነት ከሆነ ጻፈው» አልኩት። «አንተ ግን ጭንቅ አልነበረብህም? አራት ወር ሙሉ።»

«ማምፒንጋ፣ ብትወድቂ ኬፕ ታውን ተከትዬሽ ልመጣ የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የምዞረው።»

ያን ወረቀት አሳየኝ። ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ ሳስቷል። ሄጄ አቀፍኩት።

ታኅሣሥ ውስጥ አጎቶቹ መጡ። እንደ ወጉ ከበራችን ውጭ ቆመው የጎሳችንን ውዳሴ እየጠሩ ክፈቱልን አሉ፤ የእኔ አጎቶችም እንደ ወጉ እንዳልሰሙ ሆነው ፀሐይ ላይ አቆዩአቸው። ቡሌላኒ ንግግሩ ላይ መገኘት ስለማይፈቀድለት መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ሲገቡ የእነሱ ታላቅ ተነሥቶ፣ ከብት ከመጠራቱ በፊት ልጃቸው አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ እንዳላቸው ተናገረ።

«የድምፅ ክፍሏ የራሷ ነው። ልጃችን ሚስት ሊወስድ እንጂ ሥራ ሊያስተዋት አልመጣም።»

አባቴ ዓይኑን እንዳያዩበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ ተጠራሁ። አጎቴ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ በእኛ ወግ አውቃቸዋለሁ ማለት ጋብቻውን እቀበላለሁ ማለት ነው። ልጅ እዚህ ላይ አንገቷን ደፍታ በለሆሳስ እንድትመልስ ነው ደንቡ፤ አክስቶቼም ሁለት ቀን አሠልጥነውኛል። እኔ ግን ቀና አልኩ፤ መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ላለው ሰው እንዲደርስ ድምፄን ለቅቄ፣

«አውቃቸዋለሁ» አልኩ።