ከሰልፉ የወጣው የሰም ወታደር

ብቻችሁን በተቀመጣችሁበት ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም እንደሌለ በዓይናችሁ እያያችሁ፣ ቤቱ በሰው የተሞላ መስሏችሁ ያውቃል? እኔን አንድ ቀን መስሎኛል፣ እሱን ልነግራችሁ ነው፣ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ በእንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ፈልጌ፣ ምክንያቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተራ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ጓደኞቼም በዚህ ጠባዬ ሲስቁብኝ ነው የኖሩት።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ እኔ ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ደብረ ታቦር የተመደብኩ ለጋ መምህር ነበርኩ። የአውሮፓን ታሪክ ሳስተምር አንድ ነገር ለተማሪዎቼ አልዋጥ አላቸው፤ ከዚያ ሁለት መቶ ሰባ ሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩት የፈረንጅ ወታደሮች ለምን ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይታኮሳሉ? «ቲቸር፣ ድንጋይ ኋላ አይተኙም እንዴ?» ይለኛል አንዱ። ጠመንጃው ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዙ የሚጎርስ ስለነበር፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢተኩስ ዒላማውን ስለማይመታ፣ ብዙ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መተኮስ እንደነበረበት ባስረዳ ባስረዳ ወፍ የለም።

ከእኔ በፊት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ሥዕላም መጽሐፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበረ፣ የዚያን ዘመን ጦር በትንንሽ ምስል ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ማዋጋትን የሚያስተምር፣ እመኑኝ፣ በሰው አገር ትልልቅ ሰዎች ይህን ሲሠሩ ነው የሚያመሹት። እሱን ሳይ ልቤ ተነሳ። ክረምቱን ወላጆቼ ዘንድ አልሄድም አልኩና በዚያ ዘመን የተዋጉትን የሩሲያንና የስዊድንን ጦር ልሠራ ተቀመጥኩ።

አሠራሩን ላስረዳችሁ። መጀመሪያ በቀጭን ሽቦ አጥንቱን ትሠራላችሁ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ አንገት፤ ቀጥሎ ሰም በሙቅ ውኃ አለስልሳችሁ ሥጋውንና ልብሱን ታለብሱታላችሁ፣ ረጅሙን ኮት፣ ሦስት ጫፍ ያለውን ባርኔጣ፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ገምባሌ። ጠመንጃው ጭራሮ ነው። ስዊድኖቹን ሰማያዊ ቀባኋቸው፣ ሩሲያዎቹን ደግሞ የትምህርት ቤቱ መስኮት ከተቀባበት አረንጓዴ በተረፈው፣ ከዚያ በካርቶን ቁራጭ ላይ በሰም እያጣበቅኩ በረድፍ አቆምኳቸው፣ ቁመታቸው ከአመልካች ጣት አይበልጥም። ሰሙን የገዛሁት ከአንድ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ የጧፍ ጉማጅና ፍርፋሪ፣ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም፣ ሰም ሰም ነው ብዬ።

የፊዚክስ አስተማሪው ጌታሁን ጎረቤቴ ነው፣ ስዊድንን የሚያዋጋው እሱ ነበር፣ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ «ጓድ ጄኔራል፣ ዛሬስ ስንቱን አስፈጀህ?» እያለ። የትምህርት ቤቱ ካድሬ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ ጠረጴዛዬን ሲያይ ላብ አጠመቀኝ፣ እሱ ግን «ሩሲያ ናት ያሸነፈችው?» አለኝ፣ «አዎ ጓድ» አልኩት፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

አከራዬ እትዬ የሻረግ ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው። ልጁ አስማማው በሬ ሊሸጥ አንበሳሜ ገበያ በወጣበት ታፍሶ ወደ ሰሜን ግንባር ተወስዷል፣ «ደኅና ነኝ» የሚል ቃሉ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፣ የሰማ የለም። አንድ ቀን ቆሎ ይዘውልኝ ገቡና ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሲያዩ አማተቡ።

«በስመ አብ! መምር፣ ምንድን ነው ይህ ሁሉ? ዛር ልትጎትትብኝ ነው ከቤቴ?»

«ወታደሮች ናቸው እትዬ፣ ለትምህርት ነው።»

«የማን ወታደር?»

«የጥንት ፈረንጆች።»

«እናት የላቸውም?»

ጌታሁን ሳቀ። እኔ ግን ማስረዳት ልማዴ ነውና ሰልፉ እንዴት እንደሚቆም፣ የፊተኛው ረድፍ ሲወድቅ የኋለኛው ወደፊት እንደሚገባ በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያ ከኋላ መቆም ይሻላል» አሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከአረንጓዴዎቹ አንዱን አነሱ፣ ሽቦው ተጣሞብኝ አንገቱ ወደ ቀኝ የተዘነበለውን።

«ይኼ አስማማው ነው» አሉ። «ሰው ሲያዳምጥ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየገቡ ያንን ወታደር ከፊተኛው ረድፍ ፈልቅቀው ከኋላ ያቆሙታል፣ እኔ ሰልፍ ሲበላሽ አልወድምና ወደፊት እመልሰዋለሁ፣ እሳቸው መልሰው ወደኋላ፣ እንዲህ እየተባባልን ነሐሴ ገባ።

የቡሄ ሰሞን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ ግቢውን ሁሉ ውጦታል፣ ከእኔ ክፍል የእትዬ የሻረግ በር አይታይም። ከጌታሁን ጋር ጦርነቱን ጀመርን። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሉዶ ዳይስ ይጣላል፣ በወጣው ልክ ከተመታው ወገን ፊተኛ ረድፍ ምስል ይነሳል። ጌታሁን ጣለ፣ ስድስት ወጣለት፣ በደስታ ጮኸና ከሩሲያ ሻለቃ ጦር ስድስት የቆሙበትን ፊተኛውን ረድፍ ጠራርጎ ማንሳት ጀመረ፣ በዚያን ቀን ደግሞ አንገተ ዘንባላው ፊት ነበር የቆመው።

«እሱን አትንካ!» አሉ እትዬ የሻረግ ከበሩ ላይ፣ መቼ እንደመጡ አላየንም።

«እትዬ፣ ሕግ ነው እኮ» አላቸው ጌታሁን።

«የማን ሕግ?»

«የጨዋታው።»

«ጨዋታ ነው አላችሁ? ጨዋታ ከሆነ ተውታ!»

ተውነው። ጓደኞቹ ሁሉ ተነስተው እሱ ብቻውን ፊት ቀረ፣ እትዬም ሲያዩት ቆይተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፣ ጌታሁንም «ባለ እናት ወታደር አይመታም» ብሎ ቀልዶ ሄደ።

እኔ ኩራዙን አብርቼ ሰልፉን ማስተካከል ያዝኩ፣ ገና አልመሸም፣ ጉሙ ነው ያጨለመው። ከውጭ፣ ከኮረብታው በኩል፣ ጅራፍ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ታውቃላችሁ፣ ለቡሄ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ደብረ ታቦር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ጆሮም አልሰጠሁት። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ተሰማኝ፣ ድምፁ ተራ አለው። አንዴ ጧ ይላል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ጧ ይላል፣ ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ጫፍ ሲደርስ ዝም ይልና ከግራ ይጀምራል። በዚያ ዘመን ጦር ውስጥ ሻለቃው በሙሉ በአንድ ጊዜ አይተኩስም፣ ከተኮሰ ሁሉም ባዶ ጠመንጃ ይዞ ይቀራላ፤ በየመቶው ተከፍሎ፣ አንዱ ሲተኩስ ሌላው እያጎረሰ፣ ተኩሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራውን ጠብቆ ይዞራል። ይህንን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስዬ አሳይቻለሁ። ጅራፍ የያዘ ልጅ ይህን አያውቅም። ድምፁም ከኮረብታው አልነበረም፣ ከግድግዳዬ ውስጥ ነበር።

ቀና ስል ክፍሉ ጠቦኛል። እንዴት ላስረዳችሁ፣ የሚታይ ሰው የለም፣ ግን ብዙ ሰው የተጠጋጋበት ቤት እንደሚሞቀው ሞቆ፣ የላብና የባሩድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ ጤፍ ሰፌድ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ኩራዙን አስጠጋሁ። የወታደሮቹ ገምባሌ እስከ ጉልበት አቧራ ለብሷል፣ የነጣ፣ እንደ ዱቄት የደረቀ አቧራ። ነሐሴ ነው እኮ! በደብረ ታቦር በነሐሴ ደረቅ አፈር የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

ፊት የቀረው ወታደር ቦታው ላይ የለም። ፈለግኩት፣ ከጠረጴዛው ሥር ፈለግኩት፣ በመጨረሻ በበሩ በኩል ባለው የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አገኘሁት፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ አንድ እግሩን ወደፊት አራምዶ። እኔ ሁለቱንም እግሩን ገጥሜ ነበር የሠራሁት። ጠመንጃው እጁ ላይ አልነበረም።

እትዬ የሻረግን ጠራኋቸው፣ ማፈር የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጮኼ ነው የጠራኋቸው። መጡ። ወታደሩን አነሱት፣ አቧራውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«መምር፣ ሰሙን ከየት አመጣኸው?»

«ከቆሎ ተማሪ ገዝቼ ነው፣ የጧፍ ፍርፋሪ።»

«የፍታት ጧፍ ነው ይህ። ሬሳ ራስጌ የበራ ጧፍ ጉማጅ ነው፣ ካህናቱ ፍታቱን ሲጨርሱ የሚቀረው። እኔ ባሌን በዚህ ነው የሸኘሁት፣ አላጣውም።» ጠረጴዛውን አዩት፣ ረድፍ በረድፍ። «እንግዲያ እኒህ ሁሉ የሙታን ሰልፍ ናቸው።»

«እትዬ፣ ሰም ነው እኮ...»

«ቆይ። ልጄን እዚህ ውስጥ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን ከሰልፉ ወጣ። ከሙታን ሰልፍ የወጣ ሰው ምንድን ነው መምር? ዳነ ነው? ወይስ ሞቶ መጣ ነው?»

ይህን እንዳሉ ግቢው ውስጥ ኮቴ ተሰማ። የደከመ ሰው አረማመድ ነው፣ አንድ እግሩን የሚጎትት። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚጮኸው የግቢው ውሻ አልጮኸም፣ ይልቅ ሰው ሲወድ እንደሚያደርገው በቀጭኑ እያላዘነ መሬት ለመሬት ሲሳብ ሰማነው። ኮቴው በሩ ላይ ቆመ። ማንም አላንኳኳም። መቀርቀሪያውን ይዤ ነበር፣ ለመክፈት ይሁን ለመዝጋት አላውቅም፣ እትዬ እጄን አነሱና ራሳቸው ከፈቱት።

ጉም ብቻ ነው። ነጭ ጉም፣ ከደፉ ጀምሮ።

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ገበያ ውሎ ለመጣ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ። «ምን ያቆምሃል ብርድ ላይ?»

የገባ ሰው አላየሁም። እሳቸው ግን ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፣ የኩራዙ እሳት ዝቅ ብሎ እንደገና ቀና አለ፣ ጎንበስ ስል በረጠበው ደፍ ድንጋይ ላይ የሁለት እግር ቅርጽ በደረቅ አቧራ ታትሞ አየሁ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ። ካፊያው እያየሁት አጠበው።

ለጌታሁን በማግስቱ ነገርኩት። «ሰም ኩራዝ አጠገብ ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ ይህ ፊዚክስ ነው» አለኝ። እሺ፣ ይንሸራተታል። እግር ግን ያነሳል? ይህን ስጠይቀው ወሬ ለወጠ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት አልተጫወተም።

አዲስ ዓመት ሳይገባ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ።

«አንቺ፣ ልጅሽ ከጦር ክፍሉ ጠፍቷል። መጥቷል?»

«ከመቼ ወዲህ?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«በቡሄ ሰሞን ነው። ውጊያ ላይ ከሰልፍ ወጥቶ ሄደ ነው የተባለው፣ ሬሳውም የለም፣ ሰውየውም የለም። ከመጣና ከደበቅሽው ታውቂያለሽ፣ እሱም ይረሸናል፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

አልጋውን ገለበጡ፣ ጎተራውን በዱላ ወጉት፣ የእኔንም ክፍል አዩ፣ አጡና ሄዱ። እትዬ የሻረግ ከደፉ ላይ ተቀመጡ። በሕይወት ካለ ሲመጣ ይገድሉታል፣ ከሞተ ደግሞ መርዶ ነጋሪ አይመጣም፣ መርዶ ካልመጣ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፣ ጎረቤት አይሰበሰብም፣ ፍታትም አይደረግለትም።

«መምር» አሉኝ ቀና ብለው፣ «አንተ የማታስረዳው ነገር የለም። ልጠብቀው ወይስ ላልቅስለት?»

እኔ፣ ለሁሉም ምክንያት ያለኝ ሰው፣ ከጎናቸው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

በዓመቱ ወደ ይፋግ ተዛወርኩ። እስክሄድ ድረስ እትዬ የሻረግ ጥቁር አልለበሱም፣ በራቸውንም አልቀረቀሩም፣ በዝናቡ ቀን ሁሉ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥተው ደፋቸውን በመጥረጊያ ሲጠርጉ ከመስኮቴ አያቸው ነበር፣ ከመጥረጊያውም ሥር ነጭ አቧራ ሲቦን አይቻለሁ፣ እመኑኝ።

ካላመናችሁኝ ደግሞ አልፈርድባችሁም፣ ሞክሩት ብቻ። የፍታት ጧፍ ጉማጅ ፈልጋችሁ፣ የት እንደደረሰ የማታውቁትን ሰው አስመስላችሁ ሥሩ፣ ከሌሎች ጋር አሰልፉት፣ ፊቱን ከበራችሁ መልሱት። ከሰልፉ ወጥቶ ወደ በሩ ዞሮ ካገኛችሁትና ኮቴ ከሰማችሁ፣ እንደኛ ቸኩላችሁ አትክፈቱ፣ የመጣው የዳነው ይሁን የሞተው በምን እንደሚለይ አስቀድማችሁ እዩልኝ፣ ካወቃችሁም ደብረ ታቦር ወጥታችሁ ለእትዬ የሻረግ ንገሩልኝ።