የጨው ሜዳው ጉድለት

በጥላ ከተማ ማቀዝቀዣው የቆመ ቀን ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ከተማዋ በበረሃ መካከል ግዙፍ ጣሪያ ለብሳ የተቀመጠች ናትና ኃይል ሲቋረጥ ከላይ የቀረ ሰው ይቀቀላል። ልጆች እንኳ ለምደውት ደረጃውን የሚወርዱት እየተሳሳቁ ነው። ዛሬ ግን ኃይል ከጠፋ ግማሽ ቀን አልፎታል፤ ምድር ቤቱም መሞቅ ስለጀመረ የሚስቅ ልጅ የለም።

የመስመር ጥበቃ መሐንዲሷ ዘርፌ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አልወጣችም። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ሆስፒታል ተኝተው የሚተነፍሱት በማሽን ነው፤ የሆስፒታሉ ባትሪ ደግሞ እስከ ማታ አያደርስም።

«እንደገና ቆረጠው፣ እትዬ ዘርፌ» አለ ተረኛው ከድር።

የሚቆርጠው «ዘብ» ነው። ከእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ጣቢያው ተነስቶ ጨው ሜዳውን አቋርጦ ከተማ የሚገባውን የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚጠብቅ ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ከወዲያ የተላከውን ኃይል ከወዲህ ከደረሰው ጋር ያስተያያል፤ መንገድ ላይ የጎደለ ካለ፣ አንድ ቦታ ጉዳት አለ ብሎ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይጠብቅ መስመሩን ይቆርጠዋል። ባይቆርጠው የከተማዋ ብቸኛ ትራንስፎርመር ይጋያል፤ ሌላ ተሠርቶ እስኪመጣ የሚተርፍ ሰው አይኖርም። ስንት ሲጎድል ይቁረጥ የሚለውን ልክ የምትወስነው ዘርፌ ናት። ትናንት ማታ ልኩን አጥብባ፣ «ከእንግዲህ ጠብታም አያመልጠውም» ብላ ጉራዋን ነዝታ ነበር።

ዘብ ሲቆርጥ በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ልማድ አለ። አብዛኛው ጉዳት ነፋስ ያመጣው ኮተት ስለሆነ ሄዶ ማየት የሚባል ነገር የለም። «ማንደጃ» የሚሉትን ብርቱ ምት መስመሩ ላይ ይለቁና የተጠጋውን ሁሉ ያቃጥሉታል። ምን እንደተቃጠለ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ ጠዋትም ዘርፌ ራሷ «አንዴ አንድደው» ብላ ከድር ለቆታል፤ ጉድለቱ ግን አልጠፋም።

«ልድገመው?» አለ ከድር፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ። «ባትሪው እያለቀ ነው። እማማ አስካለም...»

«አውቃለሁ! አታስታውሰኝ!» ጮኸችበት፤ ወዲያው ጸጸታት። «ይቅር በለኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው። ጠዋት ያልጠፋ አሁንስ በምን ይጠፋል?»

ሽቦ ላይ እየተራመደ የሚጠግነውን «ሸረሪት» የሚባል ማሽን አስነሳችው። መነጽሩን ስታጠልቅ የሸረሪቱ ዓይን ዓይኗ ነው። ከሥሯ ነጭ ጨው ተዘርግቷል፤ ከሩቅ የአቧራ ማዕበል እየመጣ ነው። ጉድለቱ ያለበት ምሰሶ ጋ ደርሳ ቁልቁል ስታይ ሸረሪቱን አቆመችው።

ድንኳኖች ናቸው። ከመስመሩ ሥር፣ ሽቦውን ሳይነካ፣ በእንጨት ላይ የተወጠረ የሽቦ መረብ አለ፤ ከላይ ከሚያልፈው ኃይል ጥቂት ይለቅማል። ከመረቡ የወረደ ገመድ አሮጌ ኮንቴይነር በር ላይ የታሰረ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። መስመሩ በመቆረጡ ማቀዝቀዣው ቆሟል፤ ውስጥ ለተኙት ሕፃናትና አዛውንት ሴቶቹ በካርቶን ያራግቡላቸዋል። ዘርፌ አወቀቻቸው። ከተማዋ ጣሪያዋን ስትዘጋ «ቦታ ሞልቷል» ተብለው ከበር የተመለሱት ናቸው። ሌላ አገር ሄደዋል ሲባል እሷም አምና ነበር፤ ማመኑ ይቀል ነበርና።

የመረቡ አንድ ጥግ ከሰል ሆኗል። አጠገቡ አንድ ሰው በነጠላ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

«ምን ይታይዎታል?» አለ ከድር።

«ሰው። ሰው ገድለናል ከድር።»

ከድር ከወንበሩ ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ የለቀቅኩት» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።»

ለአንድ አፍታ፣ ዝም ብሎ እንደገና ማንደድን ተመኘች። ማንም አያውቅም። መስመሩ ይመለሳል፣ እናቷ ይተነፍሳሉ። ይህን መመኘቷን ስታውቅ ደነገጠች።

«የዘብን ልክ ላላላው ነው፤ እነሱ የሚለቅሟትን እንዲያልፍላቸው» አለች።

«አቧራው እየመጣ! ዘብ ከላላ እውነተኛውን ጉዳት በጊዜ አያየውም። ትራንስፎርመሩ ከሄደ ሁላችንም አለቅን!»

«እኔ እያየሁ እጠብቀዋለሁ። ቁረጥ ስልህ ቁረጥ።»

«ዓይንዎ ከዘብ ይፈጥናል?»

«አይፈጥንም» አለችና ልኩን አላላችው።

መስመሩ ተመለሰ። ከምድር ቤቱ የከተማው ሰው እልልታ ተሰማ። አቧራው ሲደርስ ዘርፌ ዓይኗ እስኪያቃጥላት ሽቦ ሽቦውን አየች፤ ማዕበሉ ያነሳው ቆርቆሮ ወደ መስመሩ ሲወረወር ብልጭታው ሳይነሳ «ቁረጥ!» ብላ ጮኸች፤ ከድርም ደረሰበት። ቆርቆሮው ሲወድቅ ኃይሉን መለሱ። አቧራው አልፎ ሰማዩ ሲገለጥ፣ እናቷ ደህና መሆናቸውን ከሆስፒታል ደውለው ነገሯት። ዘርፌ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

መነጽሩን ልታወልቅ ስትል አንዲት ሴት ከድንኳኖቹ ወጥታ ሽቅብ ሸረሪቱን አየች።

«እዚያ ላይ ያለኸው፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፣ እህቴ» አለች ዘርፌ በሸረሪቱ ድምፅ ማጉያ።

ሴትየዋ ደንግጣ ወደ ኋላ ካለች በኋላ ፊቷ በራ። «እግዜር ይስጥልኝ! ማቀዝቀዣውን መለሳችሁልን። ልጆቹ ነፍስ ዘሩ።» ወደ ተጋደመው ሰው ዞረች። «ባለቤቴ አላየውም እንጂ። ጠዋት መብረቅ መታው። ደመና እንኳ አልነበረም፤ የላይኛው ፈቃድ ነው፣ ምን ይደረጋል ብለን ተቀበልነው።»

ዘርፌ ዝም ማለት ትችል ነበር። ከድርም እንዳትናገር ራሱን ነቀነቀላት።

«መብረቅ አልነበረም» አለች። «እኛ ነን። ሳናይ ነው።»

ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ነጠላውን ከባሏ እግር ላይ አስተካከለች።

«የመታን ሰው መሆኑን ብናውቅ እኮ እንጮህ ነበር» አለች። «ሰው ከሆነማ ይሰማናል ብለን።»