በር ላይ የቆሙት ሰዎች

በሩ ያን ቀን ጠዋት ሲዘጋ ዜማው ሌላ ነበር።

ዙኪስዋ ይህን ልብ ያለችው ግን በምሳ ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ውስጥ ተሰልፋ ሩዝና ሾርባ ትሪዋ ላይ ሲደረግላት ነው። የቤታቸው በር በቁልፍ ሳይሆን በቁጥር የሚከፈት ነው። ሲዘጋ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ደስ የሚል አጭር ዜማ ያሰማል። ዛሬ ግን ዜማው ወደ ታች ወረደ። እንደ ታመመ ሰው ማቃሰት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ለራሷ።

መልሱ ወዲያው መጣላት። እሷ ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ምንጊዜም የከፋው መልስ ነው። ፍቅረኛዋ ሉቮ ዛሬ ከመውጣቱ በፊት በሩ ሥር አጎንብሶ ብዙ ቆይቶ ነበር። ጫማውን የሚያስር መስሏት ነበር... ቁጥሩን ቀይሮታል! ቤት እንዳትገባ ቀይሮባታል!

ሩዙንም ሾርባውንም ሳትነካ ትሪዋን መለሰች።

ሁለቱም ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአንድ ከተማ ነው የመጡት፤ ከቆንጴ። ኮሪያ ውስጥ ቦሶንግ በምትባል ትንሽ ከተማ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እሷ አንደኛ ደረጃ፣ እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ጠዋት ጫማቸውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውልቀው ነጠላ ጫማ ያጠልቃሉ፤ ማታ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ ያለች ጠባብ ቤታቸው ውስጥ ከሥሩ የሚሞቅ ወለል ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያሞቁ የተማሪዎቻቸውን ወሬ ይሳሳቃሉ። ደህና ኑሮ ነበር።

ኅዳር ላይ የሉቮ ትምህርት ቤት ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ የውጭ መምህር እንደማይቀጥር አስታወቀ። ወደ ሩቅ ደሴት ትመደባለህ አሉት። ባልና ሚስት ከሆኑ አንድ ወረዳ ይመደባሉ። ካልሆኑ እያንዳንዱ በየምድቡ። መልሳችሁን ሰኞ አሳውቁን ተባሉ።

ዛሬ ጠዋት ሉቮ ዳቦውን እያላመጠ፣ «ለምን አንጋባም? አንድ ቤት ይሰጡናል እኮ» አላት።

ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ ጠጠር እንደሚወረውር ሰው አስቀመጠች።

«ለቤት ብለህ ነው የምታገባኝ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«እንደሱ ነው ያልከው! ዳቦ ጎርሰህ!»

«ዙኪ...»

«ተወኝ! መሄድ ከፈለግህ ሂድ!»

እሱም ሄደ።

ጥሏት ሊሄድ እንደሆነ ደግሞ ከጠረጠረች ቆይታለች። ከስንት ሳምንት ወዲህ ስልኩ ሲጠራ ተነስቶ ጣሪያ ላይ ይወጣል። «ማነው?» ስትለው «የሥራ ጉዳይ ነው» ይላል። በዚህ ብርድ፣ ሹራብ እንኳ ሳይደርብ፣ እየሳቀ የሚያወራው ምን ዓይነት የሥራ ጉዳይ ነው?

ከምሳ በኋላ ስድስተኛ ክፍል ገባች። ከፊት የተቀመጠችው ሶዩን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ፍቅረኛዎ ቀለበት አልገዛልዎትም እንዴ?»

«አልገዛልኝም። መጽሐፋችሁን ክፈቱ።»

«ስስታም ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

እሷም ሳቀች። ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ዞር ስትል ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊደሉ ተደበላለቀባት። አብራት የምታስተምረው ሚራን ጠጋ ብላ፣ «ዙኪዬ፣ ሰኞ ምን ብዬ ልንገራቸው? ባልና ሚስት ናችሁ ወይስ አይደላችሁም?» አለቻት።

«እኔም እሱን ባወቅሁት» አለች ዙኪስዋ።

ቤት ስትደርስ መሽቷል። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አሳረፈች። ቁጥሩን ነካካች።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። አልተከፈተም።

ደግማ ሞከረች። በቀስታ፣ አንድ በአንድ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

እውነት ነው ማለት ነው። ኮቷን ሰብስባ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የደረጃው መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚበራ ነው፤ ዝም ብላ ስትቀመጥ ድርግም አለ። ለማብራት እጇን እንኳ አላነሳችም።

ልጅ እያለች አባቷ ለማዕድን ሥራ ወደ ራስተንበርግ ሲሄድ፣ «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላዩትም። እናቷ ግን ምናልባት ሌሊት ይመጣ ይሆናል እያለች ለብዙ ዓመት በሯን ሳትቆልፍ ታድር ነበር። ዙኪስዋ ያደገችው ነፋስ ያንን በር ባንኳኳ ቁጥር እየባነነች ነው። ከቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ለሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ የማይመለስ ይመስላታል።

መብራቱ በራ። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ባለቤት እትዬ ቾንሱክ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ወደ ላይ ስትወጣ ነበር።

«ምነው መምህር? እዚህ ብርድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በሩ እምቢ አለኝ፣ እትዬ።»

«ኤዲያ! ባል እምቢ ሲል እንጂ በር እምቢ ሲል ይለቀሳል?» አለችና ከኪሷ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ብዪ! ያለቀሰ ሰው ይርበዋል» ብላ ወደ ላይ ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ ከታች የምታውቀው ኮቴ ተሰማ። ሉቮ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ። ሲያያት ቆመ።

«ለምን አልገባሽም?»

«ትቀልዳለህ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ቁጥሩን ቀይረህብኝ ለምን አልገባሽም ትለኛለህ?»

«የምን ቁጥር ነው የምቀይረው?» አልፏት ሄደና ቁጥሩን ነካ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ነሻ የቀየርሽው!»

«እኔ?»

«ጠዋት ሂድ ብለሽኛል!»

«አንተስ በሩ ሥር አጎንብሰህ ስትነካካ የነበረው ምንድን ነው?»

«ጫማዬን ሳስር ነዋ! የጫማ ማሰሪያ ተቋጥሮብኝ!»

ተፋጠጡ። መብራቱ ጠፋ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን አወናጨፉና በራ። ሉቮ ሳቁ አመለጠው።

«ቆይ... ጠዋት ዜማው ልክ ነበር?»

«ወደ ታች ወረደ» አለች፣ ድምፅዋ እየጠፋ።

«ባትሪው ነው ዙኪ! ብርድ ጨርሶታል። ከውጭ ባትሪ ካስነካነው ይከፈታል። ሱቁ ሳይዘጋ ገዝቼ ልምጣ።» ሁለት ደረጃ ወርዶ ተመለሰና አያት። «እውነት በር የምዘጋብሽ መስሎሽ ነበር?»

ስኳር ድንቹን በሁለት እጇ ጨብጣ አንገቷን ደፋች። ምን ትበለው? ኮቴው እየራቀ ሄደ።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች፤ ቆንጴ ቀትር ነው።

«ዙኪ! አለሽ? በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ሉቮስ? ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።»

«ምንም አልሆነም፤ ባትሪ ሊገዛ ሄዷል።»

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?» እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው የግቢው በር ላይ ቆመዋል። በዚህ ሙቀት ኮት! በዚህ ሙቀት ኮት የሚለብስ መርዶ ነጋሪ ነው። ወጥ ቤት ተደብቄያለሁ። ካልከፈትኩላቸው ሊነግሩኝ አይችሉም።»

ከበስተጀርባ የወንድ ሳቅ ተሰማ። የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ አጎቷ ምዚማሲ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከዚያ ውጪ! ማንም አልሞተም። የራዴቤ ዘሮች ናቸው፤ ልጅሽን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ቅዳሜ ቀብር ስላለብን ነው ዛሬ ዓርብ የቀጠርኳቸው።»

ራዴቤ የሉቮ ዘር ነው። ስኳር ድንቹ ከዙኪስዋ እጅ ወደቀ።

አጎቷ ስልኩን ተቀበለ። «ዙኪ፣ ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። እዚህ ብትኖሪ ኖሮ ጠርተን ፊታቸው እናቆምሽ ነበር፤ አሁን በስልክ ነው። በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ? አላውቃቸውም ካልሽ አሁኑኑ አባርራቸዋለሁ። ውሻው ተዘጋጅቷል።»

«አጎቴ... ትንሽ ይጠብቁ።»

«ፀሐዩ እኮ...»

«ይጠብቁ አልኩ!»

«ይሁን፣ ማስጠበቅም ሥርዓት ነው። ቁሙ በሏቸው!»

ሉቮ ባትሪዎቹን ይዞ እያለከለከ ብቅ ሲል ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አገኛት።

«መቼ ነው የላክሃቸው?»

ክው አለ። «ደረሱ እንዴ?»

«ሉቮ! መቼ ነው የነገርካቸው?»

«መስከረም ላይ» አለ አጠገቧ እየተቀመጠ። «የመከር በዓል ሰሞን።»

መስከረም... ስለ ደሴቱ ሳይሰሙ፣ ስለ ቤት ማንም ሳያነሳ።

«ጣሪያ ላይ የምታወራው...»

«ከአጎትሽ ጋር ነው። ሰውዬው ማቆሚያ አለው መሰለሽ? የላሞቹን ሕመም ሁሉ አውቄያለሁ!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሽማግሌ ሳይናገር እኔ አልናገርም። ደግሞ ብነግርሽ ከመስከረም እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር። እናትሽም እንደዚያው። አጎትሽ ነው ለሁለቱም እንዳትናገር ያለኝ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን እንደዚያ አልከኝ?»

«ጨነቀኝ። ዛሬ እንደሚመጡ አውቃለሁ፣ መናገር አልችልም። የምለው ጠፋኝና ቤት አልኩ። አፌ ከዳኝ፣ ዙኪ።»

መብራቱ ጠፋ። አላበሩትም። ጨለማው ውስጥ እንዲህ አለችው፦

«አባቴም እኮ ለአንድ ዓመት ብሎ ነው የሄደው።»

እጇን ፈልጎ ያዘ። እጁ በረዶ ሆኗል።

«እኔ ደሴት አልሄድም። ቤት ሰጡንም አልሰጡንም። ዛሬ የዘገየሁት እዚሁ ከተማ ያለው የግል ማስጠኛ ሄጄ ነው። ቦታ አለን ብለውኛል። አግቢኝም አታግቢኝም፣ ከዚህ ከተማ ያለ አንቺ አልወጣም።»

አጎቷ ስልኩ ውስጥ ጮኸ። «ዙኪ! ሰዎቹ ቀለጡ! ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ!»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ ወሰደች። ቃሉ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አውቃቸዋለሁ፣ አጎቴ። ክፈቱላቸው።»

መጀመሪያ የግቢው የብረት በር ሲጥጥ ሲል ተሰማ። ቀጥሎ እልልታ። ከእልልታው መሐል የእናቷ ድምፅ፦ «ልጄ... ውሃ እንኳ አላቀዘቀዝኩም! ምን ላቅርብላቸው? ሉቮን ጠይቂልኝ፣ አጎቱ ስኳር በሽታ አለበት?»

«የለበትም እማማ!» ብሎ ጮኸ ሉቮ። መብራቱ በራ። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር፤ ሁለቱም እየሳቁ።

ከላይኛው ፎቅ በር ተከፈተና የእትዬ ቾንሱክ ራስ ብቅ አለ። «ታረቃችሁ?»

«ታረቅን፣ እትዬ!»

«እንግዲያው ሰው ይተኛበት!»

ሉቮ አንዱን ባትሪ ከቁጥሮቹ ሥር ካሉት ሁለት የብረት ነጥቦች ጋር አስነካ። ዙኪስዋ ቁጥሩን ነካች፤ ያው የድሮው ቁጥር፣ ከቆንጴ ተነስተው እዚህ የገቡበት ቀን። በሩ ተከፈተ።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የጠዋቱ ስኒ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ግማሽ የተበላው ዳቦ አጠገቡ። ሉቮ የቁልፉን ክዳን ከውስጥ ከፍቶ ያለቁትን ባትሪዎች አውጥቶ አዲሶቹን አስገባ።

«እርግጠኛ ነህ ልክ አስገብተሃቸዋል?» አለች። «ሌሊት ቢያልቅስ? እሳት ቢነሳና ባይከፈትስ?»

«ዙኪ።»

«እሺ፣ እሺ።»

«ሰኞ ለሚራን ምን ትያታለሽ?»

«ባለቤቴ እንዳልሸሽ እጄን ይዞኛል እላታለሁ... ማለቴ፣ የወደፊት ባለቤቴ!»

ሳቀባት። እሷም በራሷ ሳቀች። ከዚያ እጀታውን ያዘች። ነፋሱ ደረጃው ላይ ያፏጫል። እናቷ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳትቆልፍ ያደረችው በር ትዝ አላት። እሷ የምትጠብቀው ሰው ግን እዚሁ ውስጥ፣ በካልሲ ቆሞ የቀዘቀዘ ሻይ ሲያሞቅ አየችው።

በሩን ሳበችው። ዜማው ወደ ላይ ወጣ፤ ቁልፉም ቀጭ ብሎ ገባ።