ያልተነሣው ቁልፍ

ይህን የፈጠርኩት ከመሰላችሁ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄዳችሁ ሄሊናን ጠይቋት። ለእኔ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ፍንትው ብላ ገብታለች።

ሄሊና በአባቷ የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ብቻዋን ናት። አባቷ አቶ ፊሊጶስ ካረፉ ሠላሳ ስምንት ቀናቸው። ማክሰኞ በአርባቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው እሷ ናት።

ትናንት ቁልፍ ሰሌዳውን በዳንቴል ሸፍና ነበር የሄደችው። ዛሬ ግን ዳንቴሉ ተነሥቷል...

በአራት ታጥፎ ጎን ላይ ተቀምጧል። እንዲያ የሚያጥፉት እሳቸው ነበሩ።

ረስቼው ይሆናል አለችና ተቀመጠች።

የአቶ ፊሊጶስ አሮጌ ኮምፒውተር አራት ነጥብ በቀላሉ አይሰጥም። ሌላው ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ይገላገላል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። በግራ እጃቸው አልት የሚባለውን ቁልፍ ተጭነው ይይዛሉ፤ በቀኛቸው አራት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሁለት ይመታሉ። ነጥቡ ታዲያ የሚወጣው አልት ሲለቀቅ ነው።

የሟች ታሪክ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ቁልፉን እንደያዙ ወደ ቤተሰቡ ይዞራሉ።

«የቀረ አለ?»

የለም ካልተባሉ ጣታቸውን አያነሡም። ሰው እንዲህ በችኮላ አይዘጋም ይሉ ነበር።

ሄሊና ትውልዳቸውን ጻፈች። ሥራቸውን ጻፈች። መጨረሻ ላይ፣ «ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች በሰላም አረፉ» ብላ ጻፈች።

ውሸት ነበር።

ሆስፒታል እጃቸውን ይዛ ሳለ ስልክ ጠራ። ለባነር የቸኮለ ደንበኛ ነው። እጃቸውን ለቅቃ ወደ ኮሪደር ወጣች። ስትመለስ ትንፋሻቸው የለም። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አልትን ተጫነች።

አራት... ዘጠኝ... ስድስት...

ጣቷ ሳይደርስ የሁለት ቁጥር ቁልፍ ወረደ።

ቀጭ።

ከጀርባዋ በጣም ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«የቀረ... አለ?»

አልዞረችም። «የለም» አለች በሹክሹክታ። ጣቷንም አነሣች።

ነጥቡ አልወጣም።

አልት እንደተጫነ ነው። ማንም ሳይነካው...

የቁልፍ ሰሌዳውን ገመድ ነቀለችው። ቁልፉ አሁንም አልተነሣም።

ያኔ ልቧ ተሰበረ። «አባዬ... አልያዝኩህም። ‹ትንሽ ቆዪ› እያልከኝ ነው የወጣሁት።»

ስታለቅስ ቆየች። በኋላ ጽሑፉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዳ የውሸቷን መስመር አጠፋች፤ የመጨረሻውን ነጥብ ሳትመታ አተመችው። ማክሰኞ ታሪኩ ያለ መጨረሻ ነጥብ ተነበበ። ማንም ልብ አላለም።

ቁልፍ ሰሌዳው ገመዱ እንደተነቀለ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ። ወንድሟ አንዴ ሊጥለው ቢል እጁን ይዛ ከለከለችው።

ሄሊና ሱቁን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ዳንቴሉን ትገልጣለች። አልት እንደወረደ ነው። ጣቷን ታሳርፍበታለች...

እንደ አባቷ እጅ ይሞቃል።

ቁጭ ትላለች። አሁን የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው... አንድ ቀን እንዳይለቃት...